ያለ ባለቤቱ አይነድም እሳቱ
(በእንጭኒ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ዲስኩር)

  

ዛሬ የምለው ነገር አንድ ነው። የአየር ንብረት ለውጥን እንድንቋቋም ተብሎ የሚቀርብልን አገልግሎት፣ የዝናብ ትንበያም ይሁን የሰብል መድን፣ ምርጥ ዘርም ይሁን የበሽታ ማስጠንቀቂያ፣ ተጠቃሚው ከመጀመሪያው አብሮ ካልነደፈው ማሳ ላይ አይደርስም። ሪፖርት ላይ ይደርሳል፣ አዳራሽ ይደርሳል፣ እዚያው ይቀራል። አብሮ መንደፍ ስል ተጠርቶ መጥቶ፣ ሰምቶና አጨብጭቦ መሄድን ማለቴ አይደለም። ምን ይሠራ፣ ለማን ይሠራ፣ መቼ ይድረስ፣ ሲሳሳትስ ማን ይጠየቅ የሚለውን አብሮ መወሰን ማለቴ ነው። አባቶች «ያለ ባለቤቱ አይነድም እሳቱ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

ዓመት ስጠራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ጥናቶቹና ስምምነቶቹ የተመዘገቡት በዚያው ነውና።

ከራሳችን ወረዳ ልጀምር። አደአ በርጋ አንድ ወረዳ ይባል እንጂ አየሩ አንድ አይደለም። ደጋው ላይ ገብሱ፣ ስንዴው፣ ጤፉና ድንቹ አለ፤ የወተት ላሙ አለ። ቁልቁል ወደ ሙገር ሸለቆ ሲወረድ አየሩ እየሞቀ፣ ማሽላው እየበዛ ይሄዳል፤ ወንዙም ወደ ዓባይ ይወርዳል። የደጋው ገበሬ ኅዳር ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ውርጭ ይፈራል። የሸለቆው ገበሬ የሚፈራው ቡቃያው ገና ሳይጠና ዝናቡ ጥሎት እንዳይሄድ ነው። የወተት ላም ያላት እናት ጭንቀቷ ከሁለቱም ይለያል፤ ድርቆሹ በየትኛው ወር እንደሚያልቅና ያን ጊዜ ላሟን በምን እንደምታቆያት ታሰላለች። እንግዲህ ለእነዚህ ሦስት ሰዎች «በምዕራብ ሸዋ መደበኛ ዝናብ ይጠበቃል» የሚል አንድ መልእክት ቢደርሳቸው ማን ምን ያደርግበታል?

ይህን ስል የትንበያ ባለሙያዎችን ለመውቀስ አይደለም። የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት በየጊዜው ትንበያ ያወጣል። የወቅት ትንበያ የሚወጣው በሦስት ዕድል ተከፍሎ ነው፤ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ የመሆን፣ መደበኛ የመሆንና ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድል። ለምሳሌ 45፣ 35 እና 20 በመቶ ሊባል ይችላል። ይህ ብዙ የተለፋበት መረጃ ነው። ችግሩ የገበሬው ጥያቄ ሌላ መሆኑ ነው። ገበሬው የሚጠይቀው ዝናቡ መቼ ይገባል፣ መሐል ላይ ያቋርጣል ወይ፣ መቼ ይወጣል ብሎ ነው። የክረምቱ ዝናብ ተደምሮ መደበኛ ሊሆን ይችላል። ሰኔ ላይ ከዘገየ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማሳውን አጥለቅልቆ መስከረም ሳያልቅ ከወጣ ግን መደበኛው ዝናብ ጤፉን አያድነውም። ጤፉ ታጭዶ ተከምሮ ሳለ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ቢመጣም ድምሩ ውስጥ እንደ በረከት ይቆጠራል፤ ለባለ ክምሩ ግን ጥፋት ነው።

ባለሙያው ይህን ከቢሮው ሆኖ ሊያውቀው አይችልም። ሲነገረው ግን መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ኢትዮጵያዊው የአየር ንብረት ተመራማሪ ዶክተር ቱፋ ዲንቁ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ከአገራችን የሚቲዮሮሎጂ ባለሙያዎች ጋር በሠሩት ሥራ፣ የመሬት ጣቢያዎችን ልኬትና የሳተላይትን መረጃ በማዋሃድ ጣቢያ ለሌለበት ቦታ ጭምር የብዙ ዓመት የዝናብ ታሪክ ማዘጋጀት ተችሏል። ስለዚህ ዝናቡ በአማካይ መቼ እንደገባ፣ በስንት ዓመት አንዴ እንዳቋረጠ የሚለው ጥያቄ ከእኛ ከወጣ፣ መልሱ የሚፈለግበት መዝገብ አለ። የጎደለው ጠያቂና መላሽ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ወደ ጎረቤቶቻችን ልለፍ። እዚሁ ዞናችን ውስጥ ብዙ የሚያስተምር ነገር ተሠርቷል።

በደንዲ ወረዳ ገብስና ድንች የሚያበቅል ገለሳ የሚባል ደጋ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች፣ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ አገሮች ይሠራ ከነበረ አንድ የምርምር ፕሮግራም ጋር ሆነው የተፋሰስ ሥራ ጀመሩ። የተፋሰስ ባለሙያ ሲመጣ በልቡ የሚይዘው እርከንና ዛፍ ነው። እነርሱ ግን ሕዝቡን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስበው «ችግራችሁ ምንድን ነው?» ብለው አላበቁም። ወንዶችን ለብቻ፣ ሴቶችን ለብቻ፣ ሽማግሌዎችን፣ ወጣቶችን፣ ሀብት ያላቸውንና የሌላቸውን ለየብቻ ጠየቁ። የመጠጥ ውኃ ጉዳይ ጎልቶ ወጣ። ስለዚህ ሥራው ምንጭ በማጎልበት ተጀመረ፤ የአፈርና የውኃ ጥበቃው እሱን ተከትሎ መጣ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ምንጭ ማጎልበት በአየር ንብረት ለውጥ ዕቅድ ውስጥ መጀመሪያ የሚጻፍ ነገር አይመስልም። ነገር ግን እንስራ ተሸክማ ግማሽ ቀን የምትሄድ ሴት የእርከን ስብሰባ ላይ የምትቀመጥበት ጊዜ የላትም። የእርሷ ችግር ሲቀድም የባለሙያው ሥራም ሰው አገኘ። ቅደም ተከተሉን ያወቁት ችግሩ ውስጥ የሚኖሩት ናቸው።

ሁለተኛው ምሳሌ ጀልዱ ነው። ይህኛው የሚያስተምረን አብሮ መንደፍ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ነው። በ2011 የዓለም አቀፍ የእንስሳትና የውኃ ምርምር ተቋማት በዓባይ ተፋሰስ ሦስት ወረዳዎችን መርጠው፣ ጀልዱን፣ ዲጋንና ፎገራን፣ ገበሬው፣ የወረዳው ባለሙያና ተመራማሪው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡበት መድረክ አቋቋሙ። ሐሳቡ ድንቅ ነበር። በኋላ ግን ከራሳቸው ከተመራማሪዎቹ መካከል ያሉበት ቡድን መድረኩን መርምሮ በ2014 ያሳተመው ጽሑፍ እውነቱን ሳይሸፍን ተናገረ። ገበሬው ወንበር አግኝቷል፤ የመወሰን አቅሙ ግን ትንሽ ነበር። ምን እንደሚሠራ በመምረጡ ላይ ያመዘነው የባለሙያውና የባለሥልጣኑ ድምፅ ነበር። እንደ ልቅ ግጦሽ ያለው ሰውን ከሰው የሚያጋጨው ጉዳይ ወደ ጎን ተገፋና የመኖ ሣር መትከል ተመረጠ። መኖው ጥሩ ሥራ ነው፤ ለገበሬውም ቶሎ ይደርስለታል፤ አፈርም ይይዛል። ነገር ግን ጥያቄው በማን ሚዛን ተመዘነ የሚለው ሳይመለስ ቀረ።

በዚህ አዳራሽ ያለን ሁሉ ይህን ነገር እናውቀዋለን። ስብሰባ ይጠራል። መጀመሪያ ኃላፊው ይናገራል። ቀጥሎ ባለሙያው በስላይድ ያብራራል። ከዚያ «አስተያየት ካላችሁ» ይባላል። አንድ ሞዴል አርሶ አደር ተነሥቶ ያመሰግናል። ሴቶቹ ከኋላ ተቀምጠው ይሰማሉ። ሻይ ይጠጣል፣ አበል ይፈረማል፣ ቃለ ጉባኤው ላይ «ኅብረተሰቡ ተሳትፏል» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ተሳትፎ አይደለም። ኃላፊው ፊት፣ ማዳበሪያና ዘር የሚያከፋፍለው ሰው ፊት «ይህ ለእኔ አይጠቅመኝም» ማለት ለገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ አብሮ መንደፍ የሚጀምረው «አይሆንም» ማለት የማያስቀጣበት ቦታ ሲኖር ነው። የዓባይ ተፋሰሱ ፕሮጀክት ይህን ተረድቶ ሌላ መንገድም ሞከረ፤ ገበሬዎች ራሳቸው ካሜራ ይዘው ችግራቸውን እንዲቀርጹና ፊልሙ ውሳኔ ሰጪዎች ፊት እንዲታይ አደረገ። ስብሰባ ላይ የማይነሣ ሰው ማሳው ላይ ቆሞ ሲናገር ድምፁ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከትግራይ ነው። በ2009 አዲ ሃ በሚባል ስፍራ ማኅበረ ረድኤት ትግራይ፣ ኦክስፋም አሜሪካ፣ ኒያላ ኢንሹራንስ፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ሌሎች ሆነው በ200 ቤተሰብ የጤፍ መድን ጀመሩ። መድኑ እያንዳንዱን ማሳ እየዞረ የሚመረምር አልነበረም። በሳተላይት የሚታየው ዝናብ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ክፍያው ለሁሉም ይወጣል። እንዲህ ያለው መድን ትልቁ አደጋው ሳተላይቱ «ደህና ዘነበ» ሲል ገበሬው ባዶ እጁን መቅረቱ ነው። ይህን አደጋ ለመቀነስ ከገበሬዎች የተውጣጣ የንድፍ ቡድን ተቋቋመ። ጤፉ የሚዘራው በየትኛው ሳምንት ነው? ዝናብ ቢጎድል እጅግ የሚጎዳው መቼ ነው? ባለፉት ዓመታት ክፉ የነበሩት የትኞቹ ናቸው? ገበሬዎቹ የሚያስታውሷቸው ክፉ ዓመታትና ሳተላይቱ የመዘገባቸው ተነጻጸሩ። ክፍያው ብዙ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይሁን ወይስ አልፎ አልፎ በርከት ይበል የሚለውን ደግሞ በጨዋታ መልክ እየሞከሩ እንዲመርጡ ተደረገ።

ከሁሉ የሚበልጠው ውጤት ግን በአረቦኑ ላይ የታየው ነው። ከሁሉ ይልቅ መድን የሚያስፈልገው ድሃ አረቦን የሚከፍልበት ጥሬ ገንዘብ የለውም። ጉልበት ግን አለው። ስለዚህ በመንግሥት የሴፍቲኔት ፕሮግራም በኩል እርከን እየሠራ፣ ማዳበሪያ ብስባሽ እያዘጋጀ በጉልበቱ እንዲከፍል ተደረገ። ሥራው ራሱ ደግሞ መሬቱን ለቀጣዩ ድርቅ ያጠናክረዋል። ፕሮግራሙ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ200 ወደ 13,000 ያህል ቤተሰብ አደገ። በ2012 ዝናብ ሲጎድል ከ12,000 የሚበልጡ ገበሬዎች ካሳ ተከፈላቸው፤ በድምሩ ከ320,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ። ተጠቃሚው ኪሱ ውስጥ ያለውንና የሌለውን ተናገረ፤ ንድፉም በዚያው ልክ ተቆረጠ።

አራተኛው የዘር ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ ባለው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የዘር ባንክ ውስጥ ከአባቶቻችን ማሳ የተሰበሰበ እጅግ ብዙ የስንዴ ዓይነት ይገኛል። ይህን ሥራ በመሠረቱት ትውልድ ውስጥ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር ከባንክ ሌላ በገበሬው እጅ እየተዘራ መኖር አለበት ብለው ይታገሉ ነበር፤ በ1989 ለዚህ ሥራቸው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የዚያ ሐሳብ ፍሬ ከዓመታት በኋላ ታየ። ተመራማሪዎች 400 ዓይነት የዱረም ስንዴ በሰሜን ወሎ ገረገራና በትግራይ ሀገረ ሰላም ዘርተው፣ በየቦታው 30 ገበሬዎች እየዞሩ እንዲመዝኗቸው ጠየቁ። ግማሾቹ ሴቶች ነበሩ። ቶሎ መድረሱን፣ የዛላውን መልክ፣ አቆጥቁጦ መብዛቱን፣ በጠቅላላ መውደዳቸውን እየተመለከቱ ነጥብ ሰጡ። በ2017 የታተመው ውጤት እንዳሳየው የገበሬው ምርጫ እንዲያው ስሜት አልነበረም፤ ተመራማሪው በሜትርና በሚዛን ከለካው ጋር ሲጣመር የተሻለ ዘር ለመምረጥ የሚያበቃ እውቀት ነበር።

ለእኛም ይህ እንግዳ አይደለም። የሆለታ ተመራማሪዎች የድንቹን ቅጠል አጥቁሮ የሚያረግፈውን በሽታ ለመቋቋም ጀልዱና ወልመራ ላይ ከገበሬ የምርምር ቡድኖች ጋር ሠርተዋል። እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉት የድንች ዝርያዎች ከዚያው ማዕከል የወጡ ናቸው። ዘር ድንቹን በጨለማ ከመከመር ይልቅ ብርሃን በሚያስገባ ቀለል ያለ የእንጨት መደርደሪያ ላይ የማሳደሩ ዘዴ ጀልዱ ላይ ተስፋፋ። እንዲህ የተያዘ ዘር አጭርና ጠንካራ፣ አረንጓዴ ቡቃያ ያወጣል፤ ሲተከልም ቶሎ ይነሣል። የጀልዱ ገበሬ ዘር አምራች ሆኖ ለሌላ አካባቢ እስከ መሸጥ ደርሷል። ቴክኖሎጂው ቤቱ ውስጥ፣ በእጁ በሚገኝ እንጨት የሚሠራ ስለነበረ የራሱ አደረገው።

ከውጭም አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የምዕራብ አፍሪካዋ ማሊ ከ1982 ጀምሮ ለገበሬዎች ዝናብ መለኪያ ሰጥታ፣ ዝናቡ ይህን ያህል ሲሞላ ይህን ዝራ የሚል ምክር አዘጋጀች። በአፍሪካ ከቀደሙትና ከተመሰገኑት ፕሮግራሞች አንዱ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ገምጋሚዎች ማን እንደሚጠቀምበት በዝርዝር ሲጠይቁ፣ ምክሩን ሥራ ላይ የሚያውሉት በአብዛኛው የእርሻ በሬና ማረሻ ያላቸው ወንዶች ሆነው ተገኙ። በሬ የሌለው ሰው «ዛሬ ዝራ» ቢባል በሬው እስኪለቀቅለት ይጠብቃል። ሴቶች ደግሞ መቼ እንደሚዘራ የመወሰን ሥልጣኑ በእጃቸው አልነበረም። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ግን መፈጸም ለሚችለው ጥቂት ሰው ብቻ ትክክል ነበር። እንጭኒ ላይም በሬ አቀናጅቶ የሚያርስ፣ መሬት በእኩል የሚይዝ አለ፤ ባሏ የሞተባት፣ በልጆቿ ጉልበት የምታሳርስም አለች። እነዚህ ሰዎች በንድፉ ቀን ከሌሉ በአገልግሎቱም ቀን አይኖሩም።

ከአምቦ ደግሞ መረጃ እንዴት ሁለት መንገድ እንደሚጓዝ እንማራለን። በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳ የሚባለውን በሰፊው የተዘራ ዝርያ መታው። በ2013 ደግሞ ግንድ ዋግ ዲገሉ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ አወደመ። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ዓለም አቀፉ የስንዴና በቆሎ ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታንያ የሚቲዮሮሎጂ ተቋም ሆነው፣ የዋጉ ብናኝ በነፋስ ተጭኖ ወዴት እንደሚሄድ ከቀናት በፊት የሚተነብይ ማስጠንቀቂያ ሠሩ። የአምቦ የግብርና ምርምር ማዕከል የዋጉን ዓይነት እየለየ ይሠራል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሞዴሉ የሚጀምረው ማሳ ላይ ከታየ ዋግ ነው። ያየ ሰው ካልተናገረ የካምብሪጅ ኮምፒውተር ምንም አያውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቅጠል ገልብጦ አይቶ የሚናገረው ገበሬ የአገልግሎቱ ተቀባይ ብቻ አይደለም፤ አገልግሎቱ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው። ከ2014 ጀምሮ የሚሠራው የ8028 የገበሬዎች የስልክ መስመርም ደዋዩ የሚሰማበት ብቻ ሳይሆን ደዋዩ የሚናገርበት ሲሆን ዋጋው እጥፍ ይሆናል።

አሁን ተቃውሞውን ልመልስ፤ ተገቢ ተቃውሞ አለና። አንዳንድ ባለሙያ ይላል፦ ገበሬው ሳተላይት አያነብ፤ የአየር ንብረቱም እየተለወጠ ስለሆነ የአባቶች ልምድ ለወደፊቱ አይሠራም። እውነትነት አለው። ነፋሱን፣ ወፉን፣ ኮከቡን አይቶ ክረምቱን የሚያነብ ሽማግሌ ምልክቱ እንደ ድሮው አልይዝ እንዳለው ራሱ ይነግራችኋል። በሰሜን ኢትዮጵያ ተጠንቶ በ2004 የታተመ አንድ ሥራም ገበሬዎች «ዝናቡ ቀንሷል» ሲሉ የጣቢያው መዝገብ ግን ያን ያህል መቀነስ እንዳላሳየ ጽፏል። ታዲያ ገበሬው ተሳሳተ? አልተሳሳተም። ጣቢያው የሚለካው ከሰማይ የወረደውን ነው፤ ገበሬው የሚለካው ሰብሉ ያገኘውን ነው። አፈሩ ሲታጠብ፣ ሰውና ከብት ሲበዛ፣ ያው ዝናብ ያን ያህል አያደርስም። መሣሪያው ብቻውን ይህን አይነግረንም፤ ትዝታም ብቻውን አይነግረንም። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲቀመጡ መፍትሔው ከሰማይ ወደ አፈሩ እንደሚዞር ይታያል። አብሮ መንደፍ ማለት ገበሬው ያለው ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ባለሙያው «ይህ ምልክት አይሠራም» ማለት አለበት፤ ገበሬውም «ይህ ምክር አይፈጸምም» ማለት አለበት።

ሌላው ተቃውሞ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል የሚለው ነው። ይፈጃል። ነገር ግን በ2015 እና በ2016 በኤልኒኖው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ሲሻ ምን ያህል እንደወጣ የሚያስታውስ ሰው፣ ከሕዝብ ጋር ቁጭ ብሎ መምከር ውድ ነው አይልም።

እንግዲህ እዚህ ምን እናድርግ? ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በየቀበሌው ትምህርት ቤት ዝናብ መለኪያ ይቀመጥ። ከጥላና ከጣራ ርቆ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ዕቃ ነው። ተማሪዎች በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያነባሉ፤ ይጽፋሉ፤ ውኃውን ይደፋሉ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ በሩብ ሄክታር መሬት 2,500 ሊትር ይሆናል። ይህን የሚያሰላ ልጅ ለአባቱ የሚነግረው ነገር ይኖረዋል። መዝገቡ በግልባጭ ለሚቲዮሮሎጂ ይላክ፤ ዋናው ግን እዚሁ ይቅር።

ሁለተኛ፣ ከአባቶችና ከእናቶች ጋር የክፉ ዓመታት መዝገብ ይዘጋጅ። ዝናቡ የዘገየበት፣ ውርጭ የመታበት፣ ክምር የበሰበሰበት ዓመት ይጻፍ፤ ደጋውና ሸለቆው ለየብቻ። ነገ የመድን ድርጅት ሲመጣ ይህ መዝገብ ቀርቦለት «በእነዚህ ዓመታት ይከፍል ነበር ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ሦስተኛ፣ በዓመት ሁለት ጉባኤ ይኑር። አንዱ ግንቦት ላይ፣ የዘርና የማዳበሪያ ውሳኔ ሳይቆረጥ፤ ትንበያው ቀርቦ እያንዳንዱ ቤተሰብ በእጁ ባለው መሬት፣ በሬና ጉልበት ምን እንደሚያደርግበት ይመክራል። በእንግሊዝ የሪዲንግ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በብዙ የአፍሪካ አገሮች ያስፋፉት ዘዴ ይህን ይመስላል፤ ለሁሉም አንድ ምክር አይሰጥም፤ ገበሬው የአካባቢውን የዝናብ ታሪክ አይቶ ራሱ ያሰላል። ሁለተኛው ጉባኤ ከውቂያ በኋላ ነው። ምን ተባለ፣ ምን ሆነ፣ ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ ይባላል። ትንበያ ሊሳሳት ይችላል፤ ተሳስቶ ዝም ካለ ግን በሚቀጥለው ዓመት የሚሰማው የለም። ሴቶች በሁለቱም ጉባኤ ለብቻቸው ተቀምጠው የሚናገሩበት ሰዓት ይኑር። ንግግሩም መልእክቱም በአፋን ኦሮሞ ይሁን፤ ማንበብ ለማይችል በድምፅ ይድረስ።

ይህን ስንጠይቅ ቸርነት አንለምንም። በ2015 በፓሪስ የተደረሰው የአየር ንብረት ስምምነት አንቀጽ 7 መላመድ አሳታፊና ግልጽ፣ ሴቶችን ያገናዘበ፣ የነባር ሕዝቦችንና የአካባቢን እውቀት የያዘ ይሁን ይላል። አገራችን በ2017 አጽድቃዋለች። በ2019 የወጣው ብሔራዊ የመላመድ ዕቅዳችንም 18 የመላመድ አማራጮች አሉት። በ2022 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በ2027 መጨረሻ በምድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ የቅድመ ማስጠንቀቂያ አገልግሎት ያገኛል ብለው ቃል ገብተዋል። ቃሉ ተገብቷል፤ እንጭኒ ላይ ምን መልክ እንደሚይዝ የምንናገረው ግን እኛ ነን።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ የአየር ንብረት ፕሮጀክት ይዞ ወደዚህች ከተማ የሚመጣውን ሁሉ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ የአገር ውስጥም ይሁን የውጭ፣ በአክብሮት ተቀበሉትና አራት ጥያቄ ጠይቁት። ይህን ጥያቄ ያነሣው ማን ነው? ምክርህን ለመፈጸም የሚያስፈልገው በሬ፣ ገንዘብና ሥልጣን በማን እጅ አለ? ስትሳሳት የሚጎዳው ማን ነው፤ የሚክሰውስ? እኛ «ይህን ለውጥ» ብንል የምትለውጥበት ጊዜና በጀት አለህ? የልማት ሠራተኞች፣ እናንተም ከሕዝቡ ጋር ሆናችሁ ጠይቁ፤ ከላይም ከሕዝቡም በኩል የምትጨነቁት እናንተ ናችሁና መልሱ ለእናንተም ይጠቅማችኋል። ተመራማሪዎችና የፕሮጀክት ሰዎች፣ በጀቱ ሳይጸድቅ ኑ፤ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ ምክክር ማስታወቂያ ነው። መልስ ላለው ጉልበታችሁን፣ እውቀታችሁንና ጊዜያችሁን ስጡት፤ መልስ የሌለው መልሱን ይዞ እንዲመጣ መልሱት። ያን ቀን የሚሠራው አገልግሎት የእናንተ ይሆናል፤ ፕሮጀክቱ ዘግቶ ቢሄድም ሥራው አይዘጋም።